«የሥር ልክ»፦ የድረ ገጽ ፊደል በማን ክንድ ይለካ?

በኮምፒውተር ላይ የክሮም ብራውዘርን ቅንብር የከፈተ ሰው የፊደል መጠን የሚመረጥበት አንድ መስመር ያገኛል። ምርጫዎቹ ከ«በጣም ትንሽ» እስከ «በጣም ትልቅ» አምስት ናቸው። ማንም ሳይነካው ሲቀር መካከለኛው ላይ ይቆማል፤ እሱም 16 ፒክስል ነው። «በጣም ትልቅ» የሚለው 24 ነው። ዓይኑ የደከመ አንባቢ 24ን መርጦ ወደ ንባቡ ሲመለስ ግን ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥመዋል። አንዱ ድረ ገጽ ወዲያው ፊደሉን ያሳድግለታል፤ ሁለተኛው ርዕሱን አሳድጎ ዋናውን ጽሑፍ እንደነበረ ይተወዋል፤ ሦስተኛው ንቅንቅ አይልም።

ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም፤ የኢንተርኔቱም አይደለም። ገጹን የሠራው ባለሙያ ከቁጥሩ ቀጥሎ በጻፋት አጭር የመለኪያ ስም የመጣ ነው። ከነዚህ ስሞች አንዷ «ሬም» ትባላለች። ሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች በየቀኑ የሚጽፏት ብትሆንም በአማርኛ ስም አልወጣላትም ማለት ይቻላል። ይህ ጽሑፍ «የሥር ልክ» የሚል ስም ያቀርብላታል፤ ምክንያቱ ግን የሚገባው ሌሎቹ መለኪያዎች ከታወቁ በኋላ ነው።

የድረ ገጽ መልክ፣ ማለትም ቀለሙ፣ ክፍተቱና የፊደሉ መጠን የሚጻፍበት ቋንቋ ሲኤስኤስ ይባላል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1994 ያቀረበው በዚያን ጊዜ ሰርን በተባለው የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ኖርዌጂያዊው ሆኮን ቪየም ሊ ነው። ሆላንዳዊው በርት ቦስ ተጨምሮበት የመጀመሪያው ደረጃ በዲሴምበር 1996 ጸደቀ። ያኔውኑ ፖይንት፣ ፒክስል፣ ኤም፣ ሳንቲ ሜትርና በመቶኛ ሁሉም ተፈቅደው ነበር። ሬም አልነበረችም።

ብዙ ሰው በስም የሚያውቀው ፖይንትን ነው፤ ፖይንት ብሎ ባይጠራውም። የመመረቂያ ጽሑፍ «በ12 ፎንት ሳይዝ» ይሁን ሲባል 12 ፖይንት ማለት ነው። ፖይንት የአታሚዎች ቅርስ ነው፤ ፈረንሳዊው ፎርኒየር የፊደል መጠንን በዚህ ስም ያደራጀው በ18ኛው ምዕተ ዓመት ነበር። ዛሬ ኮምፒውተር የሚጠቀምበት ፖይንት የአንድ ኢንች 72ኛ እጅ ነው። ሲኤስኤስ ደግሞ አንድን ኢንች በ96 ፒክስል ይቆጥራል። ስለዚህ ወርድ በተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም 12 የሆነው በድረ ገጽ 16 ፒክስል ይሆናል። በወርድ 12 ለምዶ ድረ ገጹንም «12» ብሎ በፒክስል የሠራ ሰው ሳያውቀው 9 ፖይንት የሆነ ጽሑፍ ለአንባቢው ሰጥቷል። ብዙ ደቃቅ ጽሑፍ የሚወለደው በዚህ መንገድ ይመስላል።

ፒክስልስ? ስሙ የስክሪንን ነጥብ ያሳስባል፤ በድረ ገጽ ቋንቋ ግን ከነጥቡ ከተለያየ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አይፎን 4 በስፋት 640፣ በቁመት 960 ነጥብ ነበረው፤ ለድረ ገጾች ግን ራሱን የሚያስተዋውቀው 320 በ480 ነኝ ብሎ ነበር። አንዱ «ፒክስል» አራት ነጥብ ሆነ ማለት ነው። እንዲያ ባይሆን ኖሮ ጽሑፉ ሁሉ በግማሽ ተኮማትሮ በወጣ ነበር። የደረጃው ጸሐፊዎች ለዚህ የሰጡት ፍቺ ራሱ የሚገርም ነው። ፒክስል በክንድ ርቀት፣ ማለትም 71 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ የተቀመጠ፣ በአንድ ኢንች 96 ነጥብ ያለው ስክሪን ላይ አንዷ ነጥብ ለዓይን የምትታይበት ስፋት ነው። እናም ፒክስል የተረጋጋ መለኪያ ነው። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ ሠሪው 14 ካለ 14 ነው፤ አንባቢው ቅንብሩ ውስጥ ምን እንደመረጠ አይጠይቅም።

ኤም ከሌላ ቤተሰብ ናት። በእርሳስ ፊደል ዘመን ኤም ማለት የፊደሉን ቁመት ያህል በአራት ማዕዘን የሚወጣ ስፋት ነበር፤ ስሙም ኤም ከተባለችው የላቲን ፊደል የመጣ ነው ይባላል። በሲኤስኤስ 1 ኤም በቦታው የሚሠራውን የፊደል መጠን ያህላል። የፊደሉ መጠን ራሱ በኤም ሲሰጥ ደግሞ ልኩ የሚወሰደው ከወላጁ ነው፤ ወላጅ የሚባለው ጽሑፉን በውስጡ የያዘው የገጹ ክፍል ነው። ሜትርን ከክንድ ጋር ማስተያየት ነገሩን ያቀልለዋል። ሜትር የትም ሜትር ነው፤ ክንድ ግን እንደ ለካው ሰው ይረዝማል፣ ያጥራል። ፒክስል ሜትር ነው፤ ኤም ክንድ ናት፤ ያውም የወላጅ ክንድ።

ልጅ በአባቱ ክንድ፣ የልጅ ልጅ በልጁ ክንድ መለካት ሲጀምር ጣጣው ይመጣል። አንድ ሠሪ በዝርዝር የሚቀርበው ጽሑፍ ከዋናው አነስ እንዲል ፈልጎ 0.8 ኤም ይለዋል። የመጀመሪያው ዝርዝር ከ16 ወደ 12.8 ፒክስል ይወርዳል፤ ጥሩ። በዝርዝሩ ውስጥ ሌላ ዝርዝር ሲገባ 0.8 በ12.8 ተባዝቶ 10.24 ይሆናል። በዚያ ውስጥ ሦስተኛ ከገባ 8.19። የሕግ አንቀጽ፣ ንዑስ አንቀጽና ፊደል ተራ የሚያትም ገጽ ቢሆን ኖሮ አንባቢው ሦስተኛው እርከን ላይ ሲደርስ ማጉያ መነጽር ያስፈልገው ነበር። ሠሪው የጻፈው ያንኑ 0.8 ነው፤ ስሕተቱን ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ለምን ሁሉም በፒክስል አልጸናም? መልሱ ያለው በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ታሪክ ውስጥ ነው። በ2001 የወጣው ይህ ብራውዘር ለዓመታት የዓለምን ገበያ ይዞ ሲቆይ የፊደል መጠን ማሳደጊያ ምርጫ ነበረው፤ ግን በፒክስል የተጻፈ ፊደል ላይ አይሠራም ነበር። አንባቢው «ትልቅ» ብሎ ቢጫን ገጹ እንዳልሰማ ዝም ይላል። በዚህ ብራውዘር ሙሉውን ገጽ ማጉላት የተቻለው በ2006 ኤክስፕሎረር 7 ሲመጣ ነው። ለዚያ ዘመን መድኃኒቱን የጻፈው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ራተር ነበር፤ በ2004 ያሳየው ዘዴ እስከ ዛሬ በኮድ ውስጥ ይገኛል። የገጹ መነሻ መጠን 62.5 በመቶ ይባላል። የ16 ፒክስል 62.5 በመቶ 10 ነው፤ ከዚያ 1.4 ኤም ማለት 14፣ 1.8 ኤም ማለት 18 ይሆናል። ሒሳቡ ቀለለ፣ አንባቢውም ማሳደግ ቻለ። የወላጅ ክንድ ጣጣ ግን አልተነካም።

ሬም የመጣችው ይህን ለመቁረጥ ነው። ስሟ «ሥር» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያ ፊደልና ከ«ኤም» የተገጣጠመ ነው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ እንደ ዛፍ የተዋቀረ ሲሆን ሁሉን የያዘው ክፍል ሥር ይባላል። 1 ሬም የዚያን ሥር የፊደል መጠን ያህላል፤ ጽሑፉ በስንት ዝርዝርና ሳጥን ውስጥ ቢቀበርም የወላጁን መጠን አይጠይቅም። ከላይ ያለው 0.8 በሬም ቢጻፍ ኖሮ ሦስቱም እርከኖች 12.8 ላይ ይቀመጡ ነበር። ሠሪው ሥሩን ካልነካው ደግሞ የሥሩ መጠን አንባቢው በቅንብሩ የመረጠው ነው። 16 ከመረጠ 1 ሬም 16፣ 24 ከመረጠ 24። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ሰው ክንድ ይለካል፤ ያም ሰው አንባቢው ነው።

ፋየርፎክስ 3.6 በጃንዋሪ 2010፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 9 በ2011 ተቀበሏት። በዚያው ዓመት ካናዳዊው ጆናታን ስኑክ አጠቃቀሟን ሲጽፍ ለአሮጌ ብራውዘር ፒክስልን፣ ለአዲሱ ሬምን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነበር። ያ ጥንቃቄ ዛሬ አያስፈልግም።

ስለ ስሙ ደግሞ። «ሬም» ብሎ እንደተሰማ መጻፍ ይቻላል፤ ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይበቃዋል። ለተማሪ ግን ምንም አይነግረውም። «ሥረ ኤም» ቢባል ግማሹ ዕዳ ይቀራል፤ ኤም ምን እንደሆነች ገና ማስረዳት ይኖራል። «ልክ» ግን የልብስ ሰፊው ቃል ነው፤ ሰው ልኩ ይወሰዳል፣ ልብስ በልክ ይሰፋል፤ መጠንንም ተስማሚነትንም አንድ ላይ ይይዛል። ስለዚህ ኤምን «የወላጅ ልክ»፣ ሬምን «የሥር ልክ» ማለት ሁለቱን ከነልዩነታቸው ያስቀምጣል፤ ልኩ ከማን እንደተወሰደ ስሙ ራሱ ይናገራል። ሁለቱን የሚያቅፈው «አንጻራዊ መለኪያ» ነው፤ የፒክስልና የፖይንት ወገን ደግሞ «ቁርጥ መለኪያ» ሊባል ይችላል።

አንድ ክፉ ልማድ የሥር ልክን ከውስጥ ባዶ ያደርገዋል። አንዳንድ ሠሪዎች በሬም ይጽፋሉ፤ ግን ኮዱ አናት ላይ የሥሩን መጠን «16 ፒክስል» ብለው ይቸነክሩታል። ከዚያ በኋላ አንባቢው 24 ቢመርጥ 1 ሬም 16 ሆኖ ይቀራል፤ ሬም የለበሰ ፒክስል ማለት ነው። ከወዲያ ማዶ ያለው ዲዛይነር ስዕሉን በፒክስል ስለሚያስረክብ ሒሳቡ እንዳይዛባ የተፈራ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን የሚያስፈራ አይደለም። የዲዛይነሩን ቁጥር ለ16 ማካፈል ብቻ ነው፤ 20 ፒክስል 1.25፣ 24 ፒክስል 1.5፣ 14 ፒክስል 0.875 ሬም ይሆናል። አይ፣ ክብ ቁጥር ካልሆነ የሚል ሰው የራተርን 62.5 በመቶ በሥሩ ላይ ይጠቀም፤ በመቶኛ ስለሆነ የአንባቢውን ምርጫ አይሽርም።

የአማርኛ ገጽ የሚሠራ ባለሙያ ይህን ከሌላው ይልቅ ሊያስብበት ይገባል። የግዕዝ ፊደል ብዙ ነገር የሚሸከመው በትንሽ ቦታ ነው። «ቤቴ» እና «ቤቲ» የሚለዩት በመጨረሻው ፊደል እግር ሥር ባለች ቀለበትና ጭረት ነው። ፊደሉ 12 ፒክስል ሲሆን፣ በተለይ በአሮጌ ስክሪን ላይ፣ ያቺ ቀለበት የምትሠራው በጥቂት ነጥቦች ነው፤ አንባቢው የሚያነበው ሳይሆን የሚገምተው ይሆናል። «ጬ»ን፣ «ኋ»ን፣ «ቿ»ን በዚያ መጠን መለየት ደግሞ ለብቻው ፈተና ነው። ለላቲን ጽሑፍ ተሠርቶ የመጣ ቴምፕሌት ለግርጌ ማስታወሻ 12 ፒክስል ሲል ለላቲን አስቦ ነው።

ከፊደል ቅርጽ የሚወሰዱት ሌሎቹ አንጻራዊ መለኪያዎች ለግዕዝ ፊደል እንደማይመቹ ማስተዋልም ተገቢ ነው። «ኤክስ» የተባለው መለኪያ የትንሿን የላቲን ኤክስ ቁመት ይከተላል፤ አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። «ሲኤች» የዜሮን ስፋት ይለካል፤ የመስመርን ርዝመት በእሱ የወሰነ ሰው በአንድ መስመር ይገባሉ ብሎ ያሰባቸውን ያህል ፊደላት አያገኝም፤ የግዕዝ ፊደላት በአብዛኛው ከዜሮ ይሰፋሉና። ለቻይንኛና ለጃፓንኛ «ውሃ» የሚለውን ፊደል ስፋት የሚለካ «አይሲ» የሚባል አሃድ አለ። ለግዕዝ ፊደል እንዲህ ያለ የለም። የሥር ልክ ግን ከየትኛውም ፊደል ቅርጽ አልተወለደም፤ የሚጠይቀው አንባቢው የመረጠውን መጠን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ፋየርፎክስ አንድ ያልተወራለት ነገር አለው። በኮምፒውተር ላይ የፎንት ቅንብሩን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የከፈተ ሰው በጽሕፈት ዓይነት የተከፋፈለ ዝርዝር ያገኛል፤ ከላቲን፣ ከዐረብኛና ከዕብራይስጥ ጎን የኢትዮጵያ ፊደልም አለበት። እንግሊዝኛውን በ16 ትቶ የአማርኛውን 20 ማድረግ ይቻላል፤ ከዚህ በታች አይውረድ የሚል ገደብ ማኖርም ይቻላል። ምርጫው በትክክል እንዲሠራ ግን ገጹ ሁለት ነገር ማሟላት አለበት፤ ፊደሉ በአንጻራዊ መለኪያ መጻፍ አለበት፤ የገጹ ቋንቋም አማርኛ መሆኑ በኮዱ አናት ላይ መገለጽ አለበት። ከእንግሊዝኛ ቴምፕሌት ተገልብጦ «ቋንቋው እንግሊዝኛ» የሚለው ሳይቀየር የቀረ ገጽ በአማርኛ ቢሞላም በእንግሊዝኛው መጠን ይታያል።

ከስማርት ስልክ ጋር የተስፋፋ ሌላ መለኪያ ደግሞ አለ፤ የብራውዘሩን መስኮት ስፋት አንድ መቶኛ የሚይዘው «ቪደብሊው»። ፊደሉ ከመስኮቱ ጋር አብሮ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ሲያዩት ያምራል። ቁጥሩ ግን ይታይ። 2 ቪደብሊው በ360 ፒክስል ስልክ ላይ 7.2 ፒክስል ሲሆን በ1920 ስክሪን ላይ 38.4 ይሆናል። ይባስ ብሎ አንባቢው ገጹን በብራውዘሩ ለማጉላት ሲሞክር ፊደሉ ባለበት ይቆማል፤ ሲጎላ የመስኮቱ ስፋት በዚያው ልክ ስለሚቀንስ አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል። መፍትሔው ብቻውን አለመተው ነው። «ክላምፕ» የተባለው ትእዛዝ ዝቅተኛ፣ ተለዋዋጭና ከፍተኛ ልክ ይቀበላል። ዝቅተኛው 1 ሬም፣ መካከሉ 0.9 ሬም ሲደመር 0.5 ቪደብሊው፣ ከፍተኛው 1.25 ሬም ቢባል በ360 ስልክ ላይ 16.2 ፒክስል ይወጣል፤ በ1920 ላይ ሒሳቡ 24 ቢያመጣም 20 ላይ ይቆማል። ሬም ውስጡ ስላለች አንባቢው የመረጠው መጠንም አይጠፋም። ለርዕስ ጥሩ ነው፤ ለዋና ጽሑፍ ግን ብዙም አያስፈልግም።

ፒክስልን የሚከላከሉ ሰዎች አንድ ብርቱ መከራከሪያ አላቸው፤ ዛሬ ሁሉም ብራውዘር ገጹን እንዳለ ያጎላል፣ በፒክስል የተጻፈውም አብሮ ያድጋል፤ ታዲያ ምን ቸገረ ይላሉ። እውነት ነው፤ የድረ ገጽ ደረጃዎችን በሚያወጣው በደብሊው ስሪ ሲ የተደራሽነት መመሪያ፣ ከ2008ቱ እትም ጀምሮ፣ ጽሑፍ ይዘት ሳይጠፋ እስከ 200 በመቶ መጉላት አለበት የሚለውን ነጥብ በማጉላት ብቻ ማሟላት ይቻላል። ነገር ግን ማጉላት ፎቶውንም፣ ማስታወቂያውንም፣ ክፍተቱንም ያሳድጋል፤ በየድረ ገጹም እንደገና መደረግ አለበት። የፊደል መጠን ቅንብር አንዴ ተነግሮ የሚበቃ ጥያቄ ነው። ቅንብሩን የሚነካው ሰውም ጥቂት ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ጎብኚዎቹን ሲቆጥር 3 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ነባሩን መጠን መቀየራቸውን አግኝቷል። ከመቶ ሰው ሦስቱ እየጠየቁ ገጹ አልሰማም ማለት የለበትም። የአንድሮይድ መተግበሪያ ሠሪዎች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ለፊደል የተለየ «ኤስፒ» የሚባል መለኪያ የተሰጣቸው የስልኩ ባለቤት የመረጠውን መጠን እንዲከተል ነው።

ሁሉን ነገር በሬም መጻፍም ግድ አይደለም። ቀጭን የጠርዝ መስመር በፒክስል ቢሆን ማንንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ከፊደሉ ጋር መወፈሩ ያስቀይማል። በአዝራር ውስጥ በጽሑፉና በጠርዙ መካከል ያለው ክፍተት በወላጅ ልክ፣ ማለትም በኤም ቢሆን ጽሑፉ ሲያድግ አዝራሩም አብሮት ይሰፋል፤ ኤም በትክክል የተፈጠረችው ለዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለመስመር ከፍታ ደግሞ መለኪያ የሌለው ቁጥር ይሻላል። 1.5 ብቻ ከተባለ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ፊደል ያባዛዋል፤ 1.5 ኤም ከተባለ ግን በወላጁ ተሰልቶ የወጣው ውጤት ለልጆቹ ይወርዳል፤ ትልቁ ርዕስ በትንሹ ጽሑፍ የመስመር ከፍታ ይታነቅና ሁለት መስመር ሲሆን ፊደል በፊደል ላይ ይወጣል። ፖይንት ለወረቀት ኅትመት ይቆይ፤ ስክሪን ላይ ሥራ የለውም።

ለዋናው ጽሑፍ ግን ፍርዱ ግልጽ ነው። የአማርኛ ዋና ጽሑፍ ከ1 ሬም ማነስ የለበትም፤ ለረጅም ንባብ 1.125 ወይም 1.25 ቢሆን ይመረጣል፤ የሥሩ መጠን በፒክስል አይቸንከር፤ የገጹ ቋንቋም በትክክል ይጻፍ። ድረ ገጽ ያላችሁ ጋዜጦች፣ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ይህን ዛሬውኑ መፈተሽ ትችላላችሁ። የብራውዘሩን የፊደል መጠን 24 አድርጉና የራሳችሁን ገጽ ክፈቱ። ፊደሉ ካልተንቀሳቀሰ ገጹን የሠራላችሁን ባለሙያ ጠርታችሁ መጠኑ በየትኛው መለኪያ እንደተጻፈ ጠይቁት።